የሽመል ደን፣ የሠፋሪው ጎጆና የእንጨት ምርምር



የዚህ ስብሰባ አዘጋጆች ስለ ደን ውጤቶች ምርምርና ስለ ሠፈራ ሥራ አጭር ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ በመጀመሪያ ማመንታቴ ያለ ምክንያት አልነበረም። እኔ የደን ምሁር አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ሥራዬ ሌሎች የሠሩትንና የመረመሩትን ጠይቆ፣ አይቶና አንብቦ ለሚመለከተው ክፍል ማስታወቅ ነው። ይሁን እንጂ ምሁሩ የጻፈው በምሁሩ መደርደሪያ ላይ፣ የእርዳታ ሠራተኛው የሚደክመው በሜዳው ላይ፣ ሁለቱም ሳይገናኙ በመቅረታቸው የደረሰውን ጉዳት በዐይኔ ስላየሁ፣ ጥሪውን ተቀብዬ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። የምናገረውም ስለ ደን በጠቅላላው ሳይሆን በምዕራብ ቆላችን ስለሚበቅለው ስለ ሽመል ነው።

በአገራችን በተፈጥሮ የሚበቅሉት የቀርከሃ ዐይነቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው በእንጅባራ፣ በሲዳማ፣ በጨንቻ፣ በማሻና ይህን በመሳሰሉ ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኘው፣ ቁመቱ የረዘመና ውስጡ ባዶ የሆነው የደጋ ቀርከሃ ነው። ሁለተኛው በመተከል፣ በአሶሳ፣ በካማሺና በአካባቢያቸው የሚበቅለው የቆላ ቀርከሃ ሲሆን፣ ብዙው ሕዝብ ሽመል ብሎ የሚጠራው ይህንኑ ነው። ሽመል ቀጭን ቢሆንም ውስጡ ድፍን ነው፤ ሙቀትንና ረዥም በጋን ይችላል፤ ሌላ ዛፍ በማይጠናበት ድንጋያማ ተዳፋት ላይ አፈሩን ጨብጦ ይይዛል። ሁለቱ ዐይነቶች በድምሩ ከ1 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት እንደሚሸፍኑና ከዚህም የሚበዛው የሽመል ድርሻ እንደሆነ ልዩ ልዩ ጥናቶች ያመለክታሉ። በአፍሪካ ከዚህ የሚበልጥ የቀርከሃ ሀብት ያለው አገር አይታወቅም። ይህን ያህል ሀብት ይዘን የቀርከሃ ዕቃ ከባሕር ማዶ ገዝተን ማስገባታችን ራሱን የቻለ ሌላ ጉዳይ ነውና ልለፈው።

አሁን ወደ ሠፈራው ልመለስ። በ1977 ዓ.ም. ከደረሰው ድርቅና ረኃብ በኋላ እስከ 1978 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው የአገሪቱ ክፍል ተነሥቶ ወደ ምዕራብና ወደ ደቡብ ምዕራብ ተወስዷል። ከዚህም ውስጥ 80 ሺህ የሚጠጋው በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ፣ በፓዌ ዙሪያ ሠፍሯል። ያለ ፈቃዱ የተወሰደው፣ ከቤተ ሰቡ የተለየውና በወባ ያለቀው ብዙ እንደሆነ ዛሬ የሚካድ ነገር አይደለም፤ ብዙ ተጽፎበታል። እኔ የማነሣው ከዚያ ሁሉ ሐዘን አጠገብ ሲታይ ትንሽ የሚመስለውን አንድ ነገር፣ የጎጆውን እንጨት ነው።

በዚያን ጊዜ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ሳይቀሩ ጎጆ እንዲሠሩ ዘምተው ነበር። ጊዜው አጣዳፊ፣ ሰዉም ብዙ ስለ ነበረ ለቋሚው፣ ለማገሩ፣ ለጣራው ሁሉ በቅርብ የተገኘው እንጨት ተቆረጠ፤ በቆላው ደግሞ በቅርብ የሚገኘው ሽመል ነበር። ከዚያም ለእርሻ የሚሆነው መሬት በትራክተር ተጠረገ። የአካባቢው ነባር ነዋሪ የሆነው የጉሙዝ ሕዝብ ቤቱን የሚሠራበት፣ በክረምት ቡቃያውን ቀቅሎ የሚመገበው፣ አጥሩንና ልዩ ልዩ የቤት ዕቃውን የሚያበጅበት ደን ባንድ ጊዜ ከእጁ ወጣ። በሠፋሪውና በነባሩ መካከል ከዚያ ወዲህ ለተፈጠረው ቅያሜ ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም፣ ይህ አንዱ መሆኑን ሳልጠራጠር እናገራለሁ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ውስጥ 440 ሺህ አባወራዎችን ለማሥፈር በታቀደ ጊዜም የመሬቱ ስፋት፣ የውሃውና የመንገዱ ጉዳይ ሲጠና የጎጆው እንጨት ከየትና እንዴት እንደሚመጣ ግን በብዙ ቦታ ለሠፋሪው ገጀራ ተትቶ ነበር። በቅርቡም በመተከል በ2013 ዓ.ም. በደረሰው ግጭት የተፈናቀለው ሕዝብ መጠለያ በሚያስፈልገው ጊዜ ይኸው ጥያቄ ተመልሶ መጥቷል።

እንግዲህ ምርምሩ ምን ይላል? ለብዙዎቻችን እንግዳ የሚሆነው የመጀመሪያው ነገር ሽመልን መቁረጥ በራሱ ጥፋት አለመሆኑ ነው። እንዲያውም ያልተቆረጠ ሽመል ይታመማል።

ነገሩን ላስረዳ። ሽመል በሥሩ የሣር ወገን እንጂ ዛፍ አይደለም። አንዱ ዘለላ ከመሬት በታች በተያያዘ ሥር የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ ነው። ክረምት ሲገባ አዲሱ ቡቃያ ከዘለላው ዳር ይወጣል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ቁመቱን ጨርሶ ያድጋል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፤ አይወፍርምም፤ የሚያደርገው መጠንከር ብቻ ነው። ጠንክሮ ለግንባታ የሚበቃው በሦስተኛው ዓመት ገደማ ነው። አዲሱን ቡቃያ የሚመግቡት የአንድና የሁለት ዓመት አገዳዎች ናቸው። የሚበቅለው ከዳር በመሆኑ ያረጀው አገዳ በመካከል ይቀራል፤ ካልወጣም እየተጨናነቀ ይደርቃል። ስለዚህ ትክክለኛው አቆራረጥ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ከመካከል አውጥቶ፣ ለጋውን ከዳር መተው ነው። ከዘለላው በአንድ በኩል፣ አዲስ ቡቃያ ከማይበዛበት ወገን፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ያለ መግቢያ ተከፍቶ በዚያ ገብቶ ይቆረጣል። ጉቶው ከመሬት አጠገብ፣ ከመጀመሪያው አንጓ ጥቂት ከፍ ብሎ መቆረጥ አለበት፤ ከፍ ብሎ ቢቀር ውሃ ይቋጥርና ይበሰብሳል። በክረምት ጨርሶ አይቆረጥም፤ ገቢና ወጪው ቡቃያውን ይረግጠዋልና።

የተቸኮለ ሰው ግን የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ገጀራ ይዞ የመጣ ሠፋሪ ወይም የቀን ሠራተኛ እሾኽና ደረቅ አገዳ ወደ ሞላው መካከል አይገባም፤ እጁ የደረሰበትን፣ የዳሩን፣ የለጋውን ይቆርጣል። በዚህም ባንድ ቀን ሁለት ጉዳት ይደርሳል። ዘለላው የሚመግበውን ያጣና ይመነምናል፤ ጎጆውም ባልጠነከረ እንጨት ይሠራና በሁለት ዓመት ይዘማል። ከዚያ ሰውየው ተመልሶ ወደ ደኑ ይሄዳል። የዕድሜውን ልዩነት ማወቅ አስቸጋሪ አይደለም፤ የዓመቱ አገዳ ቅርፊቱን ያልጣለ፣ ነጭ ብናኝ የለበሰና አረንጓዴው የደመቀ ነው፤ የጎለመሰው ቢጫ ይላል፤ ሽበት የመሰለ ነጠብጣብም ያወጣል። ይህን የጉሙዝና የበርታ ገበሬ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል። አንድን የቀን ሠራተኛ ግን በግማሽ ቀን ማስተማር ይቻላል፤ አስተምረነው አናውቅም እንጂ። ካሳሁን እምባዬ በ1995 ዓ.ም. በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ኢትዮጵያ የቀርከሃ ደን ባቀረቡት የዶክትሬት ጽሑፍ የማሻን የደጋ ቀርከሃ ጭምር መርምረዋል። ይህን የመሰለ ጥናት በራሳችን ሰው ተጠንቶ ሳለ የመጠለያ ዕቅድ በሚያወጡ ክፍሎች እጅ አለመግባቱ ለእኔ ብጤው የማስታወቂያ ሠራተኛ ወቀሳ ነው።

ሁለተኛው ነገር የአበባው ጉዳይ ነው። ሽመል እንደ ሌሎች ብዙ የቀርከሃ ዐይነቶች በረዥም ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ሲያብብም በሰፊ ቦታ ያለው ሁሉ በአንድነት ያብባል፤ ዘሩን ካፈሰሰ በኋላ ይሞታል። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በመተከልና በአሶሳ በሰፊው የታየው ይህ ነው። በዚያን ጊዜ ብዙ ባለሥልጣናት «በሽታ ገባ» ብለው ሪፖርት አድርገዋል፤ እኔም ከነዚህ አንዱ ነበርኩ። አንድ የአካባቢው ሽማግሌ ግን የአባታቸውን ዘመን አስታውሰው፣ ይህ ሞት ሳይሆን ልጅ መውለድ መሆኑንና ከመሬት ላይ ያለውን ዘር እሳት ካልበላው ደኑ እንደሚመለስ አስረዱኝ። የተመራማሪዎቹም ቃል ከዚህ አይለይም። ዘሩ በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ሣር ሆኖ ይበቅላል፤ ለቆረጣ የሚደርስ አገዳ እስኪያወጣ ግን ዓመታትን ይጠይቃል።

አደጋው የሚመጣው በእነዚህ ዓመታት ነው። የደረቀ የሽመል ደን ባዶ መሬት ይመስላል። ለሠፈራ፣ ለሰሊጥ እርሻ ወይም ለኢንቨስትመንት መሬት የሚፈልግ ሁሉ በካርታው ላይ «ምንም የሌለበት» ብሎ ያሰምርበታል። እሳት ለቆ ለማጽዳትም እንደዚያ የሚቀል የለም። አንድ በጋ ከተቃጠለና አንድ ክረምት ከታረሰ ደኑ በዚያ ቦታ አበቃ፤ እናት የለም፤ ዘርም የለም። ስለዚህ በሠፈራ ቦታ መረጣ ላይ ያላችሁ ሁሉ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የደረቀ ሽመል ያለበትን መሬት «ባዶ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ ያለውን ቡቃያ ተመልከቱ። በመኪና መስኮት አይታይም።

ሦስተኛው ነገር ነቀዝ ነው። በዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ የመስክ ጣቢያ ስሠራ ቢሮአችን ከሽመልና ከሣር የተሠራ ነበር። በየማለዳው ስገባ ጠረጴዛዬ፣ መዝገቤና ወንበሬ ላይ ቢጫ ዱቄት ተነስንሶ አገኛለሁ። ጽዳት ሠራተኛዋ ሥራዋን ቸል ያለች መስሎኝ ሁለት ጊዜ ገሠጽኋት፤ ሦስተኛው ጊዜ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ለመስጠት ወረቀት አውጥቼ ስጽፍ ዱቄቱ በወረቀቱ ላይ ከጣራው ወረደ። ቀና ብዬ ባየሁት ጊዜ የጣራው አገዳ በመርፌ እንደ ተወጋ ቀዳዳ ሆኗል። ያን ጣራ በሦስተኛው ዓመት ነፋስ ወሰደው። ሴትዮዋን ይቅርታ የጠየቅሁት ከዚያ በፊት ነው፤ ግን ብዙም አልፈጠንኩም።

ነቀዙ የሚፈልገው በአገዳው ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ስታርቹን ካጣ ወይም ከተመረዘበት አይገባም። የቀድሞ ሰዎች የተቆረጠውን አገዳ በወንዝ ወይም በኩሬ ውስጥ ለሳምንታት ያሰጥሙት ነበር፤ ወይም ከምድጃ በላይ ሰቅለው ጢስ ያጠግቡት ነበር። ሁለቱም ይሠራሉ። የምርምር ማዕከላቱ የሚመክሩት ደግሞ ቦራክስና ቦሪክ አሲድ በውሃ አሟሙቶ አገዳውን በዚያ ውስጥ መዘፍዘፍን ነው። ባዶ ለሆነው የደጋ ቀርከሃ አንጓዎቹ ይበሳሉ፤ ድፍን ለሆነው ሽመል ግን መሰንጠቅ ይሻላል። ቅመሙ ለሰው ብዙም የማይጎዳ፣ ዋጋውም ከቆርቆሮ ጋር የማይወዳደር ነው። አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ዝናብ ያጥበዋል። በመሆኑም የታከመ አገዳ ከመሬት ከፍ ብሎ በድንጋይ መሠረት ላይ፣ ሰፋ ካለ የጣራ ክፈፍ ሥር መቆም ይኖርበታል። ምስጥንም የሚከለክለው ይኸው ከመሬት መለየቱ ነው። የዶርዜ ሰዎች ይህን ከምርምር በፊት አውቀውታል። ከደጋ ቀርከሃ ተጎንጉኖ የሚሠራው ረዥም ቤታቸው ግርጌውን ምስጥ ሲበላው እየተቆረጠ ዝቅ ይላል፤ ሲያስፈልግም ተነቅሎ በሰው ሸክም ወደ ሌላ ቦታ ይወሰዳል፤ ሰው በሕይወቱ ዘመን የሚኖርበት ቤት ነው። እኛ ለተፈናቃይ የምንሠራው ጎጆ ሁለት ክረምት አይሻገርም፤ ዋጋው ግን በየሁለት ዓመቱ ይከፈላል።

ከዚህ አልፎ ስለ አዲስ የእንጨት ውጤቶች ጥቂት ልበል። ቀርከሃ በቀጫጭኑ ተሰንጥቆ፣ የውጭውና የውስጡ ሽፋን ተልጎ፣ ከመድኃኒት ጋር ተቀቅሎ፣ ደርቆ፣ በሙጫ ተያይዞ በሙቅ መጭመቂያ ሲጨመቅ ከጠንካራ የዛፍ ጣውላ የማይተናነስ ሳንቃ ይወጣዋል። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ከደጋ ቀርከሃ የወለል ጣውላ፣ መጋረጃና የጥርስ ማጽጃ እንጨት የሚሠሩ ድርጅቶች ተቋቁመዋል። ሽመል ቀጭንና ጠማማ ስለሆነ ለዚህ ዐይነቱ ጣውላ አስቸጋሪ ነው፤ ነገር ግን ተፈጭቶ ለቺፑድ፣ ተቀጥቅጦና ተጨምቆ ለጠንካራ ሳንቃ፣ ተቃጥሎ ደግሞ ለብሪኬት ከሰል ይሆናል። በዓለም አቀፍ ደረጃም ለቀርከሃ ሕንፃ ንድፍ የወጣው ደረጃ፣ አይኤስኦ 22156፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ታድሶ ወጥቷል፤ መሐንዲሶቻችን «በቀርከሃ ለመሥራት ደረጃ የለም» የሚሉት ምክንያት አሁን አይጸናም። በኮስታ ሪካ በ1991 እ.ኤ.አ. በሊሞን በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የቀርከሃ ቤቶች ጸንተው መቆማቸው የታወቀ ነው።

ሆኖም ስለ ፋብሪካ ሳወራ እጠነቀቃለሁ። ፋብሪካ ሁልጊዜ የሚራብ ሆድ ነው። ደኑ የማን እንደሆነ ሳይታወቅ ገዥ ከመጣ፣ የሚጠቅመው ባለ መኪናውን ነጋዴ ብቻ ይሆናል። ባሕር ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገብቶ አዲስ አበባን በማገዶ እጦት ከመፈታት ያዳናት፣ ገበሬውም እስከ ዛሬ የሚተክለው መንግሥት ስለ መከረው ብቻ አይደለም፤ ተክሎ የሚቆርጠው፣ ቆርጦም የሚሸጠው እርሱ ራሱ በመሆኑ ነው። በአንጻሩ በ1970ዎቹ ለሥራ በተከፈለ እህል በየተራራው የተተከለው ችግኝ ብዙው በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሰሞን በተከሉት እጆች ተቆረጠ። እህሉ የተከፈለው ለመትከል ነበር፤ ለማሳደግ አልነበረም። ደኑም የተካዩ አልነበረም። በወላይታ ሁምቦ ግን፣ ወርልድ ቪዥን በረዳው ሥራ፣ 2 ሺህ 728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ በኅብረት ሥራ ማኅበራት ስም ተሰጥቶ፣ ሕዝቡ በአብዛኛው አዲስ ችግኝ ሳይሆን ከመሬት ውስጥ የቀረውን ጉቶ በመከርከም መልሶ አልምቶታል፤ በ2002 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የካርቦን ሥርዓት ተመዝግቦም ገቢ አግኝቶበታል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ማኅበረሰብ የደን ባለቤት ሊሆን እንደሚችል አውቋል። ሕጉ ስላለ ለሽመል ደን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ በእናንተ እጅ ያለውን ልጠይቅ። የበጋው የመጠለያ ሥራ ዕቅድ ሲዘጋጅ፣ እንጨቱ «በአካባቢው ከሚገኝ» ተብሎ በአንድ ቃል አይታለፍ። ሽመሉ ከነባሩ ማኅበረሰብ በዋጋ ይገዛ። ገንዘብ የሚከፈልበትን ደን ሰው እሳት አይለቅበትም፤ ሠፋሪውና ነባሩም ከገጀራ ይልቅ በገበያ ይገናኛሉ። የሚገዛውም ሦስት ዓመት የሞላው ብቻ ይሁን፤ ለጋውን ያመጣ ይመለስበት። የሥራው ተቆጣጣሪ ይህን መለየት ካልቻለ ከመንደሩ አንድ ሽማግሌ በአበል ይቀጠሩ፤ ከብዙ አማካሪዎች የበለጠ ያገለግላሉ። በየመጋዘኑ ከሚቀመጠው ሚስማርና ሸራ ጋር ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ይመዝገብ፤ መዘፍዘፊያውም ጉድጓድ ቆፍሮ ሸራ ማንጠፍ ብቻ ነው። ያበበና የሞተ ደን ያለበት ቀበሌ ደግሞ ቡቃያው እስኪጠና ድረስ ከእሳትና ከከብት ይከለል፤ ለጥበቃውም ከሴፍቲኔት ሥራ ላይ ቀን ይታሰብለት።

የግዢው ሐሳብ ወጪ ይጨምራል የሚሉ እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ይጨምራል። ነገር ግን ዛሬ በነፃ የምንቆርጠውን ጎጆ ከሁለት ዓመት በኋላ እንደገና የምንሠራው በማን ገንዘብ እንደሆነ የሒሳብ ክፍል ባልደረቦቼ በተለየ ወረቀት አስልተው ቢያሳዩን ደስ ይለኛል። እኔ ቁጥር ላይ ብርቱ አይደለሁም።

የያዝኋቸው ናሙናዎች በበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል። በግራ ያለው የታከመ ሽመል ነው፤ በመካከል ያለው ከደጋ ቀርከሃ የተሠራ የወለል ጣውላ ነው። በቀኝ ያለው ካልታከመው፣ ከነገርኋችሁ ቢሮ ጣራ የተረፈ ነውና ስታነሡት ዱቄቱ ልብሳችሁን እንዳያበላሸው ተጠንቀቁ። ጥያቄ ያላችሁ ከሻይ በኋላ አለሁ።